የቡፌው ሳህን ስንት ያወጣል? የድሮ የሸክላ ሰርቪስ ዋጋ አወጣጥና አሻሻጥ በጎንደር

ቤት ሲለቀቅ ወይም ውርስ ሲካፈል፣ ቡፌው ውስጥ ዓመታት ያስቆጠረው ሰርቪስ ጭቅጭቅ ያስነሳል። አንዱ ዘመድ «የጣሊያን ጊዜ ዕቃ ነው፤ ብዙ ብር ያወጣል» ይላል። ሌላው ለልዋጭ ሰጥቶ በምትኩ የፕላስቲክ ሳፋ ይቀበላል። የመጀመሪያው በጠየቀው ዋጋ የሚገዛው አጥቶ ዕቃውን እንደያዘ ይቀራል፤ የሁለተኛው ኪሳራ ግን እዚያው በር ላይ ነው። የሚያሳስታቸው ዕድሜን ከዋጋ ጋር አንድ አድርገው ማየታቸው ነው። የድሮ ሳህን ገንዘብ የሚያወጣው የሚፈልገው ሰው ሲኖር፣ ጓደኞቹ ተሟልተው ሲገኙና ጉዳቱ ትንሽ ሲሆን ነው። የሰባ ዓመት ዝርግ ሳህን ከአዲሱ ባነሰ ዋጋ ሊሸጥ ይችላል፤ ከዚያው ሰርቪስ ውስጥ ያለው ባለ ክዳን የሾርባ ማቅረቢያ ግን ብቻውን የበርካታ ሳህኖችን ዋጋ ሊያመጣ ይችላል።

ከምን ተሠራ?

«የሸክላ ሳህን» የምንለው ቢያንስ ሦስት ዓይነት ዕቃ ነው። ተራው ሸክላ ወፍራም ነው፤ ብርሃን አያሳልፍም፤ ልባሱ (የላዩ አንጸባራቂ ሽፋን) በተላጠበት ቦታ ውኃ ይመጥጣል። ፖርሴሊን ካኦሊን ከሚባል ነጭ አፈር ተሠርቶ በጣም ከፍተኛ በሆነ ሙቀት፣ ጠንካራው ዓይነት እስከ 1,400 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ፣ ስለሚተኮስ ሰውነቱ ራሱ ወደ ብርጭቆነት ይጠጋል። ቦን ቻይና ደግሞ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንግሊዝ ውስጥ መልክ የያዘ ሲሆን፣ ከድብልቁ ግማሽ ያህሉ የተቃጠለ የከብት አጥንት አመድ ነው። ቀለሙ ሞቅ ያለ ወተት ይመስላል፤ ስስ ሆኖም ጠንካራ ነው።

ለመለየት ክፍሉን አጨልሙና የስልክ መብራት ከሳህኑ ጀርባ አብሩ፤ በመብራቱና በሳህኑ መካከል ጣቶቻችሁን አድርጉ። የጣቶቹ ጥላ ከፊት ከታየ ፖርሴሊን ወይም ቦን ቻይና ነው። ቀጥሎ ሳህኑን ገልብጡና ልባስ ያልነካውን ሻካራ የእግር ቀለበት (ሳህኑ የሚቀመጥበትን ክብ ጠርዝ) በአንድ ጠብታ ውኃ ፈትኑ። ቶሎ ከመጠጠው ተራ ሸክላ ነው። በመጨረሻ ሳህኑን በሦስት ጣቶች ጫፍ ላይ አስቀምጡና ጠርዙን በእርሳስ እንጨት ቀስ ብላችሁ ምቱት። ጤነኛ ፖርሴሊን እንደ ደወል ይጮኻል። ድምፁ የታፈነ ከሆነ ዓይን ያላየው ስንጥቅ ሊኖር ስለሚችል መላውን ዙሪያ እንደገና መርምሩ። ማግኔት የሚስበው ሳህን ብረት ላይ የተቀባ እናሜል ስለሆነ ከዚህ ጽሑፍ ውጪ ነው።

ጀርባው ላይ ያለው ማህተም

ዋጋ የሚጀምረው ከጀርባው ነው፤ ስለዚህ ማህተሙን በአጉሊ መነጽር ወይም በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ አንብቡ። የሚፈለጉት አራት ነገሮች ናቸው፦ የፋብሪካው ስም፣ የሀገሩ ስም፣ የጌጡ ስም ወይም ቁጥር፣ በእጅ የተጻፈ ምልክት ካለም እሱ።

የሀገር ስም ከሁሉ በላይ የዕድሜ ፍንጭ ይሰጣል። አሜሪካ በ1890 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የቀረጥ ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት ሀገር ስም እንዲጻፍበት ስላስገደደች፣ «ኢንግላንድ» የሚል ማህተም በአብዛኛው ከ1891 ወዲህ ነው፤ «ሜድ ኢን ኢንግላንድ» የሚለው ደግሞ ወደ 20ኛው ክፍለ ዘመን ይወስደናል። ለጃፓን ዕቃ ይህ መንገድ ይበልጥ ይጠቅማል። «ኒፖን» ከ1891 እስከ 1921 ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ «ጃፓን» ሆነ፤ «ኦኩፓይድ ጃፓን» የሚለው ደግሞ ሀገሪቱ በተያዘችበት፣ ከ1945 እስከ 1952 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። «ቼኮዝሎቫኪያ» ከ1918 አይቀድምም፣ ከ1992 አያልፍም። «ዌስት ጀርመኒ» ከጦርነቱ በኋላ ጀርመን ለሁለት ተከፍላ በነበረችበት ዘመን የተሠራ ነው።

ሦስት የተለመዱ ስሕተቶች አሉ። የመጀመሪያው ማህተሙ ውስጥ የተጻፈውን ዓመት የሳህኑ ዕድሜ አድርጎ መውሰድ ነው። በቪሌሮይ እና ቦክ ዕቃ ላይ 1748 የሚል ቁጥር ቢታይ ፋብሪካው የተመሠረተበት ዓመት ነው፤ ሳህኑ የ1980ዎቹ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የቦታን ስም የፋብሪካ ስም ማድረግ ነው። «ሊሞዥ» የፈረንሳይ ከተማ ነው፤ «ባቫሪያ» የጀርመን ግዛት ነው፤ በሁለቱም ውስጥ ብዙ ፋብሪካዎች ሠርተዋል፤ ዋጋውን የሚለየው ከጎኑ ያለው የአምራቹ ስም ነው። ሦስተኛው የንጉሥ ዘመን የተጻፈበትን የቻይና ማህተም እንደ ማስረጃ መቀበል ነው። የቻይና ሠዓሊዎች የቀደሙ ነገሥታትን ዘመን ለክብር ሲሉ በኋላ በሠሩት ዕቃ ላይ መጻፍ የቆየ ልማዳቸው ስለሆነ፣ ማህተሙ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። የጀርመኑ ፋብሪካ የማይሰን ምልክት የሆኑት ሁለት የተጣመሩ ሰማያዊ ሰይፎችም በጣም ከተኮረጁ ምልክቶች አንዱ ናቸው።

በጎንደር «የጣሊያን ጊዜ» ማለት የተወሰነ ዘመን ነው፦ ጣሊያኖች በ1936 እ.ኤ.አ. ከተማዋን ያዙ፤ በኅዳር 1941 ደግሞ እዚሁ እጅ ሰጡ። ፒያሳን የሠሩት በዚያን ጊዜ ነው። «ሪቻርድ ጂኖሪ» የሚል ማህተም ግን ለብቻው የዚያን ዘመን አይመሰክርም። ጂኖሪ በ1735 ፍሎረንስ አጠገብ ተመሠረተ፤ በ1896 ከሚላኑ ሪቻርድ ጋር ተዋሐደ፤ ከዚያ ወዲህም ለብዙ አሥርት ዓመታት በዚሁ ስም ሠርቷል። ከስሙ ይልቅ የጦር ኃይል ምልክትን ፈልጉ፦ ዘውድና የክፍሉ ፊደላት ያሉበት የመኮንኖች ክበብ ሳህን የወታደራዊ ዕቃ ሰብሳቢዎችን ይስባል። በሮማውያን አኃዝ የተጻፈ ቁጥር ካለም ተመልከቱ፤ ፋሺስቶች ዓመት የሚቆጥሩት ከጥቅምት 1922 ጀምሮ ስለነበር፣ በዚያ አቆጣጠር 16 ማለት ከጥቅምት 1937 እስከ ጥቅምት 1938 ያለው ዓመት ነው።

የአፄ ኃይለ ሥላሴ ምስል ወይም የይሁዳ አንበሳ ያለበት ሳህንና ሲኒ ፈላጊው ብዙ ነው፤ ለዚሁ ሲባል በኋላ ምስል የተለጠፈበትም አለ። ምስሉን በጥፍር ዳሱት። ከልባሱ በላይ ጎልቶ የሚሰማ፣ ጠርዙ የሚታይ፣ የሳህኑ ሌላው ክፍል እየደበዘዘ እሱ ብቻ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ተጠራጠሩ።

ጉዳቱን በሐቅ መቁጠር

ቡፌ ውስጥ የኖረ ሰርቪስ አንድ ትልቅ ዕድል አለው። እንጀራ የሚበላው በእጅ ስለሆነ ሳህኖቹ የቢላ ጭረት ብዙ የለባቸውም፤ በውጭ ሀገር ገበያ የድሮ ሳህን ዋጋ ከሚጥሉት ጉዳቶች አንዱ ይኸው ጭረት ነው። ይህንን በማስታወቂያችሁ ላይ ጻፉት። በሌላ በኩል የእኛ ወጥ የራሱን ጉዳት ያመጣል። ልባሱ እንደ ሸረሪት ድር የተሰነጣጠቀ ሳህን የቅቤና የበርበሬ ቀለም በስንጥቆቹ ይጠጣል፤ ቡናማ ወይም ብርቱካናማ መስመር ይሆናል። እነዚህ ስንጥቆች የሚመጡት ልባሱና ሰውነቱ በሙቀት የሚለጠጡበትና የሚሸበሸቡበት መጠን ሲለያይ ነው፤ የፈላ ውኃ በቀዝቃዛ ሳህን ላይ ማፍሰስም ያባብሰዋል።

ሁሉንም በቀን ብርሃን፣ በመስኮት አጠገብ፣ አንድ በአንድ እዩ። ጣታችሁን በጠርዙ ዙሪያ አዙሩ፤ ሽራፊን ከዓይን ቀድሞ ጣት ያገኘዋል። ለዋጋ መነሻ የሚከተለው ይሠራል፦ የጠርዙ ወርቅ የደበዘዘ ሩብ ያህል ይቀነስ፤ ልባሱ የተሰነጣጠቀ ግን ያልቆሸሸ ሲሶ ያህል፤ ጠርዙ የተሸረፈ ግማሽ፤ ፀጉር መሰል ስንጥቅ ያለው ደግሞ እንደ ጌጥ ካልሆነ ዋጋ የለውም፤ ትኩስ ነገር ሲገባበት አንድ ቀን ይከፈላል። የተጠገነ ዕቃን ለመለየት የብር ኖት የሚፈተሽበት የዩቪ መብራት በጨለማ ክፍል አብሩበት። ማጣበቂያና ኋላ የተቀባ ቀለም ከልባሱ በተለየ ሁኔታ ያበራሉ።

ከመሸጥ በፊት ማጠብ ያስፈልጋል፤ ግን ብዙ ዕቃ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አመድ፣ አሸዋና ሽቦ የወርቁን ጠርዝ በአንድ እጥበት ያነሱታል። በረኪና ወርቁን ያደበዝዛል፤ በስንጥቁ ገብቶም ልባሱን ከሥር ያላቅቃል። ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል፤ ሳፋው ሥር ፎጣ አንጥፉ። በፖርሴሊን ላይ ላለ እድፍ 3 ከመቶ የሆነ ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ከፋርማሲ ገዝቶ ለአንድ ቀን መዘፍዘፍ ብዙ ጊዜ ይረዳል። ወርቅ ባለው ላይና በተራ ሸክላ ላይ ግን አትሞክሩት።

ዋጋውን እንዴት እናስላ?

ወለሉን የሚወስነው ቅዳሜ ገበያ ነው። ለሰርቪሳችሁ የሚቀርብ አዲስ የፖርሴሊን ዝርግ ሳህን ዛሬ አንዱ ስንት እንደሚሸጥ በሦስት ሱቅ ጠይቁና መካከለኛውን ያዙ። ይህ «አንድ ነጥብ» ነው። የዛሬውን መጠየቅ ግድ ነው፤ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ስለተወደደ፣ ከዚያ በፊት የሰማችሁት የሳህን ዋጋ አይጠቅምም። ለድሮ ዕቃ ሻጭ ይህ በጎ ነው፤ አዲሱ ሲወደድ የድሮው ወለልም አብሮ ይነሣል።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ዕቃ ነጥብ ስጡ። ዝርግና ጎድጓዳ ሳህን 1፤ የጣፋጭ ሳህን 0.6፤ የሻይ ሲኒ ከነማስቀመጫው 0.8፤ ሲኒ የሌለው ማስቀመጫ 0.1፤ ሞላላ ትልቅ ሳህን 2.5፤ የስጎ ማቅረቢያ 2፤ ባለ ክዳን የሾርባ ማቅረቢያ 5፤ ክዳኑ ከጠፋ ግን 1.5። ማቅረቢያ ዕቃ የሚወደደው በአንድ ሰርቪስ ውስጥ አንድ ብቻ ስለሚመጣና ክዳኑ ቶሎ ስለሚሰበር ነው። ማስቀመጫ የሚረክሰው ደግሞ ሲኒው እየተሰበረ እሱ ስለሚተርፍ ነው፤ ሁሉም ቤት ትርፍ ማስቀመጫ አለ።

ለማሳያ፣ አንድ ነጥብ 400 ብር ነው እንበል። ሰርቪሱ 6 ዝርግ፣ 6 ጎድጓዳ፣ 5 የጣፋጭ ሳህን፣ 4 ሲኒ ከነማስቀመጫው፣ 2 ትርፍ ማስቀመጫ፣ አንድ ባለ ክዳን የሾርባ ማቅረቢያና አንድ ሞላላ ሳህን አለው። ነጥቡ 6 + 6 + 3 + 3.2 + 0.2 + 5 + 2.5 = 25.9 ይሆናል። ሁለት ዝርግ ሳህኖች ተሸርፈዋል፤ 1 ነጥብ ይወርዳል። የአራቱ ሲኒዎች ወርቅ ደብዝዟል፤ 0.8 ይወርዳል። የቀረው 24.1 በ400 ሲባዛ 9,640 ብር ነው። ይህ አንድ በአንድ ታግሶ ለሚሸጥ ሰው ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለአንድ ቤት የሚሸጥ ሰው 30 ከመቶ ቢለቅ 6,748 ብር ይደርሰዋል። ለነጋዴ የሚሸጥ ግማሹን፣ 4,820 ብር አካባቢ፣ ይጠብቅ። ነጋዴው ያን የሚሰጠው ስለሚበዘብዝ ብቻ አይደለም፤ የሱቅ ኪራይ፣ የሚሰበረው ዕቃና የሚቆይበት ጊዜ ከእሱ ትርፍ ላይ ነው የሚወጣው።

የአምራቹ ስም ታዋቂ ከሆነ ጣሪያውን ለማወቅ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ፤ ግን ሰው የጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠበትን ዋጋ ተመልከቱ። ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ የተሸጡትን ብቻ የሚያሳይ ማጣሪያ አለ። ሪፕሌስመንትስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የሚያወጣው ዋጋ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ እሱ የሚሸጠው አንዲት ሳህን ጎድላው ልክ ያቺኑ ለሚፈልግ ሰው ነው፤ ከሻጭ የሚገዛበት ዋጋ ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ፋብሪካው የታወቀና ጌጡ የሚፈለግ መሆኑን በተሸጡ ዋጋዎች ካረጋገጣችሁ፣ ነጥቡን በ1.5 አባዙት፤ ብዙ የተሸጠ ማስረጃ ሲኖር እስከ 2 ድረስ። ማስረጃ ከሌለ እንዳለ ይቆይ።

ሙሉ ሰርቪስ ወደ ውጭ ልኮ ማትረፍ ከባድ ነው። አንድ ዝርግ ሳህን ከግማሽ ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ለ12 ሰው የሆነ ሰርቪስ የማጓጓዣው ወጪ ከዋጋው ሊበልጥ ይችላል። ደግሞም በአውሮፓና በአሜሪካ የሙሉ ሰርቪስ ዋጋ ወርዷል፦ ወላጆች ለልጆቻቸው የሚያወርሱት በዝቷል፤ ልጆቹ ደግሞ ማይክሮዌቭ ውስጥ ብልጭታ የሚያስነሣ ወርቅ ያለው ሳህን አይፈልጉም።

የቡና ሲኒን ለብቻ እዩት። ስሙ ራሱ ከዐረብኛው «ሲኒ» የመጣ ሲሆን «የቻይና» ማለት ነው። ከሳህን ይልቅ የድሮ ሲኒ እዚህ በጎንደር ፈላጊ አለው፤ ረከቦቱን በአሮጌ ሲኒ ማሳመር የሚወድ ቤት ብዙ ነው። 6 ወይም 12 አንድ ዓይነት ሲሆኑ ዋጋቸው ይነሣል፤ 5 ከሆኑ ገዢው ስድስተኛውን ፍለጋ የሚወጣበትን ድካም ከዋጋው ይቀንሳል። ስለዚህ 11 ካላችሁ 6ቱን መርጣችሁ ለብቻ ሽጡ። ሲኒ በየቀኑ የሚታጠብ ስለሆነ ወርቁና አፉ በደንብ ይታይ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግዴታ ነው። ከልባሱ በላይ በደማቅ ቀይ፣ ቢጫና ብርቱካናማ የተቀባ የድሮ ዕቃ እርሳስ ወይም ካድሚየም የተባለ መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። ሎሚ፣ ቲማቲምና ጠጅ የመሳሰሉ አሲዳማ ነገሮች ከቀለሙ ብረቱን ያወጣሉ። ምግቡ የሚነካው ገጽ እንዲህ ከሆነ፣ ይልቁንም ቀለሙ እየተላጠ ከሆነ፣ ለጌጥ ብላችሁ ሽጡት፤ ለገዢውም ንገሩት።

የማይሸጥ

ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከገዳም የወጣ ዕቃ፣ ከቁፋሮ የተገኘ ስባሪ፣ ከጎንደር ነገሥታት ዘመን እንደሆነ የሚነገርለት ሳህን ገበያ አይወጣም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣትን ይከለክላል። ፋብሪካ የሠራው የ1960ዎቹ የሻይ ሰርቪስ እንዲህ ያለ ቅርስ አይደለም፤ ሆኖም ገዢው ወደ ውጭ የሚሄድ ከሆነ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ የድሮ መልክ ያለውን ዕቃ ከመሸጣችሁ በፊት የከተማውን ባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ጠይቁ፤ የመውጫ ፈቃዱ ጉዳይ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው።

ለማን፣ መቼ፣ እንዴት?

ልብ ያለው ገዢ የሚገኘው ባህላዊ ምግብ ቤትና ቡና ቤት በሚያስውቡ ሰዎች፣ ቤታቸውን በሚያደራጁ ሙሽሮችና ለጥምቀት በሚመጡ ዘመዶች ዘንድ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያውን ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ አውጡ፤ ጥር የሠርግም ወር ነው። ከፋሲካ በኋላ ያለው የሠርግ ወቅት ሁለተኛው ጊዜ ነው። በዐቢይ ጾም ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ከቸኮላችሁ ብቻ ሽጡ።

ቴሌግራም ላይ ለምትለጥፉት አምስት ፎቶ ይብቃ፦ ሁሉም ተደርድሮ፣ አንዱ ሳህን ከፊት፣ ማህተሙ ከቅርብ፣ ጉዳቱ ሁሉ በአንድነት፣ አንድ ሳህን ከማስመሪያ ጋር። ብልጭታ አትጠቀሙ፤ ሽራፊውን ይሸፍናል፣ ገዢውም መጥቶ ሲያየው ያኮርፋል። ጽሑፉ አጭር ይሁን፤ ቁጥሩ፣ ስፋቱ በሴንቲ ሜትር፣ ማህተሙ የሚለው ቃል በቃል፣ ጉዳቱ። «ብርቅዬ» እና «አንቲክ» የሚሉ ቃላት ሰውን አይስቡም፤ «6 ዝርግ ሳህን፣ 26 ሴ.ሜ፣ ሁለቱ ተሸርፈዋል» የሚለው ግን ይስባል።

ሦስት ቁጥር ቀድማችሁ ጻፉ፦ የምትጠሩት፣ የምትጠብቁት፣ ከዚያ በታች የማትወርዱበት። የምትጠሩት ከምትጠብቁት ከ15 እስከ 25 ከመቶ ይበልጥ። «የመጨረሻው ስንት ነው?» ሲባል ገና ዕቃው ሳይታይ በስልክ አትመልሱ፤ በስልክ የተጠራ የመጨረሻ ዋጋ ቤት ሲመጣ የመጀመሪያ ዋጋ ይሆናል። ማቅረቢያውን ብቻ ልውሰድ የሚል ገዢ ሲመጣ፣ ቀሪውን ሰርቪስ ለመሸጥ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ አስቡ፤ ማቅረቢያው ሲወጣ የቀረው ተራ ሳህን ነው፤ ስለዚህ ለብቻው ከተሸጠ ከ5 ነጥብ በታች አይውጣ።

ክፍያው በባንክ ወይም በቴሌብር ከሆነ፣ ገዢው በሚያሳያችሁ የስልክ ፎቶ አትመኑ፤ የራሳችሁን ሂሳብ ከፍታችሁ ገንዘቡ መግባቱን እዩ፤ ዕቃው ከዚያ በኋላ ይውጣ።

ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የዓባይ ሸለቆን ጠመዝማዛም ያልፋል። እያንዳንዱን ሳህን ለብቻ ጠቅልሉ፤ ዕቃውን የሚነካው ወረቀት ንጹሕ ይሁን፣ የጋዜጣ ቀለም በተሰነጣጠቀ ልባስ ላይ ይቀራል፤ ጋዜጣው ከላይ ይምጣ። ሳህኖቹን ተኝተው ሳይሆን በጠርዛቸው አቁማችሁ ደርድሩ፤ ተኝተው ከሆነ የሁሉም ክብደት በታችኛው ላይ ያርፋል፣ ጉድጓድ ሲመታም እሱ ይሰበራል። ሲኒ ውስጡም ይሞላ። ክዳን ከማቅረቢያው ላይ ተከድኖ አይሄድም፤ ለብቻው ይጠቅለል። ካርቶኑን በሌላ ካርቶን ውስጥ አስገቡና መካከሉን በሁሉም በኩል 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሙሉት። ጭድ ጥሩ ነው፤ ፍጹም የደረቀ መሆን አለበት፣ እርጥብ ጭድ ይረግብና ቦታ ይለቃል። ዘግታችሁ ስትነቀንቁት ድምፅ ከሰማችሁ ክፈቱና ጨምሩበት። ከመዝጋታችሁ በፊት እያንዳንዱን ዕቃ ፎቶ አንሡ፤ ገዢውም ሲቀበል ካርቶኑን በቪዲዮ እየቀረፀ እንዲከፍት ቀድማችሁ ተስማሙ፤ ቁጥሩንና ጉዳቱን የያዘ ዝርዝር በሁለት ቅጂ ተፈርሞ አንዱ እናንተ ዘንድ ይቅር።